ጠመንጃ ይዞ ዘመድ ቤት ማደር

ፔንሲልቬንያ ውስጥ አጋዘን በጠመንጃ የሚታደንበት ዋናው ወቅት የሚከፈተው ከታንክስጊቪንግ፣ ከአሜሪካኖቹ የኅዳር ምስጋና በዓል፣ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ነው። ድሮ ሰኞ ነበር የሚከፈተው፤ በፈረንጆቹ 2019 ወደ ቅዳሜ አመጡት። ለኛ ሰው ግን ቅዳሜም ሆነ ሰኞ ያው ነው፤ የነቢያት ጾም ገብቷል። የተገደለው ሁሉ እስከ ገና ፍሪዘር ውስጥ ይከርማል። ባለቤቴ "የፍስክ ቀን አልቆብህ ነው በጾም የምታድነው?" እያለች ታሾፍብኛለች። እኔም እሄዳለሁ።

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። በ495 አውራ ጎዳና ወጥቼ፣ 270ን ይዤ ፍሬድሪክ ድረስ፣ ከዚያ በ15 ቁጥር መንገድ ፔንሲልቬንያ ወዳለችው ጌቲስበርግ። መሃል ላይ ሜሪላንድ አለች። ስለዚህ ጠመንጃዬ በአንድ ማለዳ ሦስት ስቴት ይረግጣል፤ ሦስቱም የየራሳቸው ሕግ አላቸው።

አባቴ ምንሽሩን አንግቶ ገበያ ይወርድ ነበር። አውቶቡስ ሲሳፈር በጉልበቶቹ መሃል አቁሞት ይቀመጣል፤ ረዳቱ ቢበዛ "አፈሙዙን ወደ ላይ አድርገው" ቢለው ነው። እዚህ አገር በዚያ ልማድ መኪና ውስጥ የገባ ሰው የት እንደሚያድር መገመት አያቅትም።

ስቴት አቋርጦ ለሚሄድ ሰው መሠረቱ በ1986 ፕሬዚዳንት ሬገን የፈረሙት የፌዴራል ሕግ ነው። የሚለው አጭር ነው፦ በተነሳህበትም በምትደርስበትም ቦታ መሣሪያውን መያዝ የተፈቀደልህ ከሆነ፣ በመካከል ያለው ስቴት ቢከለክልም ይዘህ ማለፍ ትችላለህ። ግን ጠመንጃው ባዶ ይሁን፤ ጠመንጃውም ጥይቱም ከተሳፋሪ ወንበር እጅ የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ትራንክ፣ ማለትም ከተሳፋሪው የተለየ የዕቃ መጫኛ፣ የሌለው መኪና ከሆነ ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ይግባ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ኪስና በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሃል ያለው ሣጥን ቢቆለፉም አይቆጠሩም።

እዚህ ላይ የመኪናው ነገር ይመጣል። ግማሻችን የምንነዳው ሲዬና ወይም ራቭ ፎር ነው። ኋላው ክፍት ነው፤ ትራንክ የሚባል ነገር የለውም። "ኋላ ወርውሬዋለሁ" ማለት አያዋጣም። እኔ ጠንካራ ፕላስቲክ ሳጥን አለኝ፣ ውስጡ ስፖንጅ፣ ሁለት ቁልፍ የሚገባበት። ቦልቱን (የጠመንጃውን መቀርቀሪያ) አወጣና በጨርቅ ጠቅልዬ ከጎኑ አስተኛዋለሁ። ጥይቱ በሌላ ትንሽ ብረት ሳጥን፣ እሱም ተቆልፎ ሌላኛው ጥግ ላይ ይሄዳል። ቁልፎቹን ከመኪናው ቁልፍ ጋር አላደርጋቸውም። ሊብሬውንና ኢንሹራንሱን ደግሞ ከፀሐይ መከላከያው ጀርባ እሰካቸዋለሁ፤ ፖሊስ ቢያስቆመኝ ወረቀት ፍለጋ መኪናውን መበርበር አልወድም። ሳጥኑን ከአፓርታማው ወደ ፓርኪንግ ሳወጣ ጎረቤት አይቶኝ "ጊታር ትጫወታለህ እንዴ?" ብሎኛል። "እሞክራለሁ" አልኩት።

"ባዶ" ማለት ምን እንደሆነም ይለያያል። አገር ቤት ቃታ የሚጠብቅ ጥይት ከሌለ ጠመንጃው አልጎረሰም እንላለን። የሜሪላንድ ሕግ ግን ካዝናው ውስጥም አንድ ጥይት ካለ እንደ ጎረሰ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ካዝናውንም አራግፎ መሄድ ነው፤ የየስቴቱን ትርጉም ከመሸምደድ ይህ ይቀላል።

ይሄ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው። አስቸጋሪው ማደር ነው።

የእህቴ ልጅ ሪችመንድ ነው ያለው። ዘንድሮ ጓደኛው ቬርሞንት ላይ መሬት ካለው ሰው ጋር አደን ሊወስደው ነው። ደውሎ፣ "ጋሼ፣ ሳጥን ገዝቻለሁ፣ ቁልፍ ገዝቻለሁ፣ ሌላ ምን ቀረኝ?" አለኝ። በየት በኩል እንደሚሄድ ስጠይቀው፣ በ95 ወጥቶ ኒው ጀርሲን አቋርጦ፣ ኒውዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ፣ አክስቱ ጋ አድሮ፣ ጠዋት ይቀጥላል። አክስቱ ዶሮ ልትሠራለት ነው።

የፌዴራሉ ሕግ የሚጠብቀው መንገደኛን ነው። እኛ ደግሞ መንገደኛ መሆን አንችልበትም። ዘመድ ያለበት ከተማ ደርሶ ሳይወርዱ ማለፍ ነውር ነው፤ ወርዶ ሳያድሩ መሄድ ጠብ ነው። ኒውዮርክ ከተማ ግን ለረጅም ጠመንጃም የራሷን ፈቃድ ትጠይቃለች። የቨርጂኒያ ሰው በቨርጂኒያ ደረሰኝ የገዛው ጠመንጃ ብሮንክስ አራተኛ ፎቅ ላይ ሶፋ ሥር ሲያድር፣ "እያለፍኩ ነው" የሚለው ቃል ብዙ አይረዳም።

የአንድ የዩታ ሰው ጉዳይ አለ፤ ለልጁም የነገርኩት ይህንኑ ነው። በ2005 ወደ ፔንሲልቬንያ ሲሄድ ኒው ጀርሲ ባለው የኒዋርክ አየር ማረፊያ የሚቀጥለው በረራ አመለጠው። ሽጉጡ ባዶ ነው፣ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ በሻንጣ የተጫነ ነው፣ ሲነሳ አስመዝግቦታል። ሻንጣውን ተረክቦ ሆቴል አደረ። ጠዋት ተመልሶ እንደ ደንቡ "መሣሪያ አለኝ" ሲል ኒው ጀርሲ ላይ አሰሩት። ክሱ በኋላ ቢቀርም፣ ሰውየው "ያለአግባብ ታሰርኩ" ብሎ ያቀረበውን አቤቱታ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2010 አልተቀበለውም። ምክንያቱም ሌሊቱን ሻንጣው እጁ ላይ ነበር፤ "በቀላሉ የማይደረስበት" የሚለው ነገር እዚያው ሆቴል ውስጥ ፈረሰ። ሰውየው ያጠፋው አውሮፕላን ስላመለጠው መተኛቱን ነው። እኔ ፍርዱ ያሳዝነኛል፤ ቢያሳዝነኝም ግን የሚሠራው እሱ ነው። በዚያው ዓመት የኒውዮርክን ጉዳይ የሚያየው ይግባኝ ሰሚም በዚህ ሕግ ተመርኩዘህ ያሰረህን ፖሊስ ካሳ መጠየቅ አትችልም ብሏል። ስለዚህ ሕጉ ፍርድ ቤት ቀርበህ የምትከራከርበት ነው፤ መንገድ ላይ ካቴና አያስቀርልህም።

ፈረንጁ ቢታሰር ጠበቃ ይቀጥራል፣ ይከራከራል፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ልጁ ግን ዜግነት ገና አልወሰደም፤ ግሪን ካርድ ነው የያዘው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጠመንጃ መግዛትም ማደንም ይችላል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ሆኖም በኢሚግሬሽን ሕጉ መሣሪያ በሕገ ወጥ መንገድ በመያዝ የተፈረደበት የውጭ ዜጋ ከአገር ሊባረር ይችላል። ቀላል ጥፋት ነው ተብሎ በትንሽ ቅጣት ጥፋተኝነት መቀበል ለዜጋው መገላገያ ሲሆን፣ ለኛ ሻንጣ መሸከፊያ ሊሆን ይችላል። ጠበቃ አይደለሁም፤ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ምንም ከመፈረሙ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠይቅ።

በዚህ አጋጣሚ፦ በጉብኝት ቪዛ የመጣ ዘመድ ጠመንጃችሁን ይዞ ፎቶ ልነሳ ቢል አትስጡት። እዚህ አገር የወጣ የአደን ፈቃድ ከሌለው በስተቀር በእንደዚያ ያለ ቪዛ መሣሪያ መያዝ በፌዴራል ደረጃ የተከለከለ ነው። ስንቱ ነው ፌስቡክ ላይ የለጠፈው።

ለልጁ ሌላ መንገድ አወጣንለት። በ81 ሽቅብ፣ በሃሪስበርግ በኩል ስክራንተን ድረስ፤ እዚያ ሞቴል ያድራል። ፔንሲልቬንያ ተራ የአደን ጠመንጃ ባዶውን መኪና ላይ መያዝን አትከለክልም፣ ለማደርም የሷ ሕግ ይበቃዋል። ጠዋት ቢንግሃምተን፣ ከዚያ በ88 ወደ ኦልባኒ፣ ከዚያ ቬርሞንት። ኒው ጀርሲንም ኒውዮርክ ከተማንም ሳይረግጥ ይደርሳል። የኒውዮርክ ስቴትን ክፍል ግን ለነዳጅ ካልሆነ ሳይቆም ይለፍ ብዬዋለሁ፤ ምሳ ቢርበው ከቤት ይዞ ይውጣ።

"ሲመለስስ?" አለች አክስትየው። ሲመለስም ጠመንጃው አብሮት ነው። ዶሮውን ለፋሲካ ታቆይለት፤ ያኔ በባቡር ይመጣል። ይህን ለሷ ማስረዳት የልጁ ሥራ ነው፤ እኔ አልገባበትም።