በረባሶ

ልጅ ሆኜ አባቴ መርካቶ ካለው ምናለሽ ተራ በረባሶ፣ ያ ከመኪና ጎማ የሚሠራውን ጫማ፣ ገዛልኝ። ትምህርት ቤት አድርጌው ስሄድ እግሬን ዴስኩ ስር ሸሽጌ ነበር የምውለው። ደግሞ የጎማ ነገር፣ አያልቅ! እግሬ አድጎ ጠበበኝ እንጂ እሱስ ንቅንቅ አላለም።

ስለ ቤተልሔም ጥላሁን መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ትዝ ያለኝ ያ ዴስክ ነው። እኔ የደበቅኩትን ጫማ እሷ "ሶልሬብልስ" ብላ ለፈረንጅ ሸጠችው። ስሙም የዘፈቀደ አይደለም፤ "ሬብል" በእንግሊዝኛ አመፀኛ ማለት ነው፣ በረባሶ አድርገው ጣሊያንን የተዋጉትን አርበኞች ለማስታወስ ነው። እኛ ያፈርንበትን እሷ ታሪክ አደረገችው።

ቤተልሔም የዘነበወርቅ ልጅ ናት። ሰፈሩን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ አለርት ሆስፒታል ያለበት ነው። ስሙ ከሥጋ ደዌ ጋር ስለተያያዘ፣ ሰፈራችሁ የት ነው ሲባሉ "አየር ጤና አካባቢ" ብለው የሚያልፉ ሰዎች ገጥመውኛል። እሷ ዩኒቲ ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ተማረች፤ ከዚያ ግን ቦሌ ቢሮ ከመፈለግ ይልቅ ወደ ሰፈሯ ነው የዞረችው። ሰፈሩ ውስጥ ፈትል የሚፈትል፣ ሸማ የሚሠራ እጅ ሞልቷል፣ ሥራ ግን የለም። የታያት እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 በአያቷ ግቢ፣ ከአምስት ሠራተኞች ጋር ጀመረች። ሶሉ አሮጌ የመኪና ጎማ፣ ላዩ በእጅ የተፈተለና የተሸመነ ጥጥ። በኋላ የዓለም ፍትሐዊ ንግድ ድርጅት ዕውቅና አገኘች፣ በኢንተርኔት ውጭ አገር ሸጠች፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ፎርብስ መጽሔት ከአፍሪካ ወጣት ኃያላን ሴቶች መሃል ቆጠራት፣ ቆይታም በእጅ የሚቆላ ቡና ውስጥ ገባች።

እኔ ግን "ከባዶ ተነስታ" የሚለው ወሬ አይጥመኝም። ባዶ አልነበረም። የአያቷ ግቢ ነበር፣ ቤተሰብ የሰጣት ከ10,000 ዶላር ያነሰ መነሻ ብር ነበር፣ የጎረቤቶቿ እጅ ነበር። ይኼን ስል ላሳንሳት አይደለም። ግቢውም ጎማውም ሸማኔውም እዚያው ለዓመታት ነበሩ እኮ፣ አንድም ሰው ደምሮ አላያቸውም፤ የሒሳብ ተማሪዋ ደመረቻቸው።

በቀደም ምናለሽ ተራ ጎራ አልኩ። አንድ ልጅ የመኪና ጎማ በጉልበቱ ይዞ ይቆርጣል፤ ቢላዋው እንዳይነክስበት ትንሽ ትንሽ ውሃ ጠብ ያደርግበታል። ቆሜ ሳየው ስልኬ እጄ ላይ ነበር። ቀና ብሎ፣

"ጋሼ፣ ለእግር ነው ለፎቶ?" አለኝ።

"ለእግር፣ 42" አልኩት።