መንገድ ስንለምን በር ተከፈተልን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብን ነው። አማቴ ቬትናም ውስጥ በጎርፍ ተከበን ሳለ ለኅዳር ጽዮን ሲሳሉ ሁለት ነገር ነበር ያሉት። "ልጁን ካተረፍሽልኝ ጥላ አገባለሁ፤ ያደረግሽልኝንም ለሰው ሁሉ እናገራለሁ።" ጥላው ገብቷል። የቀረውን "አንቺ ጻፊልኝ" ብለውኛል። ስለዚህ ምስክርነቱ የእሳቸውም የእኔም ነው።

የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ፎልስ ቸርች አካባቢ ያላችሁ ኤደን ሴንተርን ታውቁታላችሁ፤ ትልቁን የቬትናሞች ገበያ። እኔ የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ እዚያ አንዲት ቬትናማዊት ጓደኛ አለችኝ። ቤተሰቦቿ መሀል ቬትናም ያለችው የሁዌ ከተማ ሰዎች ናቸው፣ ካቶሊኮች። ምሳ ሰዓት ላይ ስለ ላ ቫንግ እመቤታችን ታወራኝ ነበር። ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1798 እንደ ፈረንጆቹ፣ ክርስቲያኖች ሲሳደዱ ኳንግ ትሪ የሚባለው አካባቢ ያሉት ሸሽተው ጫካ ገቡ። ረኃብና በሽታ ሊጨርሳቸው ሲል፣ ተሰብስበው እየጸለዩ ሳለ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ታየቻቸው፤ የዛፉን ቅጠል ቀቅላችሁ ጠጡ አለቻቸው ይላሉ። ይህን ለአማቴ በነገርኳቸው ቀን ጉዞው ተወሰነ። እሳቸው የእመቤታችን ስም የተጠራበትን ቦታ ሁሉ ቢያዩ ደስ ይላቸዋል። ባለቤቴም ቬትናምን ማየት ሲመኝ የኖረ ሰው ነው። ታንክስጊቪንግ በሚሉት የአሜሪካኖች የምስጋና በዓል ሳምንት ልጆቹ ትምህርት የላቸውም። ከሃኖይ በመኪና እስከ ዳ ናንግ ወርደን ከዚያ ልንመለስ ተነሣን።

መኪናውን የተከራየነው ከነሾፌሩ ነው። የአሜሪካ ኢንተርናሽናል መንጃ ፈቃድ ቬትናም ውስጥ አይሠራም። ባለቤቴ በዚህ ትንሽ ቅር ብሎት ነበር። እኔ ግን አሁን ሳስበው ይህም ከእግዚአብሔር ነው እላለሁ። ያን ሌሊት መሪውን የያዘው አገሩን የማያውቅ ሰው ቢሆን ምን ይውጠን ነበር?

ስለ ዝናቡ ልንገራችሁ። ለእኛ ኅዳር ማለት ፀሐይና አጨዳ ነው። ሃኖይም ብራ ነበር። መሀል ቬትናም ግን ክረምታቸው በፈረንጆቹ ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር ነው። ነፋሱ ከባሕር እርጥበቱን ተሸክሞ ይመጣና ከትሩኦንግ ሶን ተራሮች ጋር ይላተማል። ተራራውና ባሕሩ ደግሞ ጎን ለጎን ናቸው ማለት ይቻላል። ወንዞቹ አጫጭር ስለሆኑ ተራራ ላይ የጣለው ውሃ በሰዓታት ውስጥ ሜዳው ላይ ነው። በ1999 ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ሁዌ ከተማ በ24 ሰዓት ብቻ 1,384 ሚሊ ሜትር ዘንቦባታል። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከምታገኘው ይበልጣል። በ2020 ኦክቶበር ደግሞ በዚሁ አካባቢ መሬት ተንዶ የነፍስ አድን ሠራተኞችንና ወታደሮችን ሳይቀር ቀብሯል። የአገሩ ሰው ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ሰማዩን እያየ ነው የሚኖረው።

ኒን ቢንን አልፈን ወደ ደቡብ ስንወርድ ዝናቡ ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ አላቆመም። መጀመሪያ ልጆቹ በጣም ተደስተው ነበር። ሞተር ሳይክል ላይ ሁለት ሰው በአንድ የዝናብ ልብስ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሁለት የአንገት ቀዳዳ አለው፤ ፊት ለፊቱ ላይ ደግሞ የሞተሩ መብራት እንዲታይ ግልጽ ፕላስቲክ ተሰፍቶበታል። ትልቋ ልጄ መስኮቱን እየጠረገች ስትቆጥር ዋለች። ትንሹ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ግን ጉንፋን ይዞት ነበር። አስም አለበት። ጉንፋን ለእሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ደግሞም ጾም ነበር፤ የነቢያት ጾም ከገባ ቀናት አልፈውታል። አማቴን፣ እማማን፣ ምን እናበላቸዋለን ብዬ ስጨነቅ ነበር የሄድኩት። ቡድሂስቶቹ ግን "ቻይ" የሚሉት የጾም ምግብ አላቸው፤ ሁዌ ውስጥ በየሰፈሩ ይገኛል። ቶፉ፣ እንጉዳይ፣ የሩዝ ኑድል። የዓሣ ሶሳቸውን እንዳይጨምሩበት መጠየቅ ብቻ ነው። እማማ አገሩን የወደዱት ያኔ ነው።

ላ ቫንግ የደረስነው በዶፍ ዝናብ ነው። የድሮው ቤተ ክርስቲያን በ1972ቱ ጦርነት ፈርሶ የቀረው የደወል ማማው ነው። ሐውልቷ በሲሚንቶ በተሠሩ ትልልቅ ዛፎች ሥር ቆማለች፤ የለበሰችው የቬትናም ቀሚስ ነው፣ ጭንቅላቷ ላይም የእነሱው ጥምጥም። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙና ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩዋት። "ለእነሱም እንደነሱ ሆና መጣችላቸው" አሉ። እኛ ኦርቶዶክሶች ነን፤ በሥርዓትም በትምህርትም የሚለየን ነገር አለ፤ ያንን አልደብቅም። ግን በጭንቅ ጊዜ "እናቴ ሆይ" ብሎ የጠራትን ሰው እንደምትሰማ አልጠራጠርም። ጓደኛዬ የላከችኝን ሻማ አብርቼ ወጣን።

ከሁዌ የተነሣነው በኅዳር ጽዮን ዋዜማ ነው። ከከተማው ስንወጣ ሰዉ መኪናውን ድልድይ ላይ ሲያቆም አየን፤ ረጅም ሰልፍ። ሾፌራችን ውሃ ሲመጣ ከፍ ያለ ቦታ ድልድዩ ብቻ ስለሆነ ነው አለን። ፊቱ ግን ተለውጧል። በተራራው በኩል ያለው አዲሱ መንገድ መሬት ይናዳል ብሎ በዋናው፣ በብሔራዊ መንገድ ቁጥር 1 ያዘ። ፉ ሎክ የሚባለው አካባቢ ስንደርስ መሸ። በአንድ ወገን ባሕረ ሰላጤ፣ በሌላው ተራራ። ፊታችን ያሉት የጭነት መኪናዎች ቆሙ። እኛም ቆምን። ሾፌሩ ወርዶ አይቶ ሲመለስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል። ፊት ለፊት ያለው ውሃ መኪና አያሳልፍም። ልንመለስ ብንል ያለፍነው ዝቅተኛ ቦታም ሞልቷል። በሁለት ውሃ መሀል ቀረን።

ልጄ የባሰበት እዚያ ነው።

በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት፣ ኢንሄለሩን፣ ስፔሰር በሚባለው ቱቦው ሰጠሁት። ጠብቄ ደገምኩለት። እንደገና ሰጠሁት። አልያዘለትም። ሆስፒታል ስለምሠራ የማየውን አውቀዋለሁ፤ ያንን ባላውቅ ይሻለኝ ነበር። ሸሚዙን ገልጬ በስልኬ መብራት ሳየው ሲተነፍስ በጎድን አጥንቶቹ መሀል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ከአንገቱ በታች ያለችው ጉድጓድም እንዲሁ። "እማ" ይልና ያቆማል። "ውሃ" ይልና ያቆማል። ሁለት ቃል አያይዞ መናገር አቃተው። ሾፌሩ 115 ደወለ፤ የአምቡላንስ ቁጥራቸው ነው። ምንም መኪና ሊያልፍ አይችልም አሉት። ባለቤቴ መንገዱን የዘጉት ሰዎች ጋ በውሃ ውስጥ ሮጦ ሄዶ ለመናቸው። እጁን ይዘው ውሃውን አሳዩት፤ በጨለማው ውስጥ ድምፁ ብቻ ይሰማል።

እማማ ዳዊታቸውን አወጡ። መብራት አልፈለጉም፤ በቃላቸው ነው የሚደግሙት። ትልቋ ልጄ እግራቸው ሥር ገብታ "አቡነ ዘበሰማያት" ትላለች። እኔ ጸሎት የምትሉት አልወጣልኝም። "መንገዱን ክፈችልን፣ መንገዱን ክፈችልን" ብቻ ነበር የምለው። ባለቤቴም ያንኑ። ሁላችንም የለመንነው አንድ ነገር ነው፤ ውሃው ይጉደል፣ መንገዱ ይከፈት፣ ዳ ናንግ ሆስፒታል እንድረስ። እማማ ስለታቸውን ጮክ ብለው የተናገሩት ያኔ ነው።

መንገዱ አልተከፈተም። ውሃው ጨመረ።

ከዚያ መስኮቱ ተንኳኳ። የዝናብ ልብስ የለበሱ አንዲት ሴት፣ በእማማ ዕድሜ ሳይሆኑ አይቀሩም። ባትሪ ይዘዋል። መኪናችን የቆመው በራቸው ላይ ነው፤ በጨለማው ቤት መኖሩን እንኳ አላየንም። ሾፌሩን አናገሩት፣ ባትሪውን ልጄ ላይ አበሩት፣ አንዴ አዩት። ሌላ አልጠየቁም። በሩን ከፍተው ልጁን ከጭኔ ላይ አነሡት።

ምድር ቤቱ ውሃ ገብቶበታል። ሞተር ሳይክሉ ጠረጴዛ ላይ ተሰቅሏል። ግድግዳው ላይ የድሮ ጎርፎች የደረሱበት ተሰምሯል፤ 1999 የሚለው ከራሴ በላይ ነው። በጠባብ ደረጃ ፎቅ ወጣን፤ የሩዝ ጆንያ፣ አንድ አልጋ፣ ባለቤታቸው። ሴትዮዋ ከአልጋ ሥር የፕላስቲክ ሳጥን ጎትተው ከፈቱ። ኔቡላይዘር ነበር፤ የአስም መድኃኒትን እንደ ጭስ አድርጎ የሚያስተነፍሰው ማሽን። ከነልጆች ማስኩ። ከጎኑ ሳልቡታሞል፣ የአስም መድኃኒቱ፣ ትንንሾቹ ብልቃጦች፤ ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል አነበብኩት፣ መጠኑንም አየሁ። በየቀኑ ሥራ ላይ የማየው መድኃኒት ነው። እጄ ተንቀጠቀጠ።

መብራት ግን የለም። ጎርፍ ሲመጣ ያጠፉታል። ማሽኑን ይዤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሶኬት ሳይ ልቤ ስንጥቅ አለ። የቤቱ አባወራ ሳቅ አሉና ጥግ ላይ ያለውን ሸራ ገለጡት። ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ለጀልባቸው መብራት የሚጠቀሙበት ትልቅ ባትሪና የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይረው ኢንቨርተር እዚያ ተቀምጧል። ሽቦውን አያያዙት። ማሽኑ ጮኸ። ጭሱ በማስኩ ውስጥ ሲወጣ አየሁ።

ከሁለተኛው ብልቃጥ በኋላ ልጄ "እማዬ ርቦኛል" አለኝ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሁለት ቃል ያላያያዘ ልጅ! እማማ ወለሉ ላይ ተደፍተው ሰገዱ። ሴትዮዋም ምን እንደሆነ ገብቷቸው አጠገባቸው ተቀመጡ። ሌሊቱን ሁለቱ አሮጊቶች ልጁን መሀል አድርገው አደሩ፤ አንዳቸው የሌላቸውን ቋንቋ አያውቁም። ሩዝ በኦቾሎኒና በሰሊጥ በሉ። እመቤታችን ጾማቸውን እንኳ ጠበቀችላቸው።

ጠዋት ዝናቡ አባራ፤ ረፋዱ ላይ ውሃው ጎደለ። ገንዘብ ልንሰጣቸው ብንል አባወራው ተቆጡ። 6 ኪሎ ሜትር ከምናምን የሚረዝመውን የሃይ ቫን ዋሻ በደቂቃዎች አልፈን ዳ ናንግ ገባን። ሐኪሙ ልጁን አየው፣ መድኃኒት ጨመረለት፣ በሰላም ተሳፈርን።

"መንገዱ ቢከፈት እኮ ሆስፒታል ትደርሱ ነበር" የሚል ይኖራል። እኔም አስቤዋለሁ። ነገር ግን መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት ያለፉት መኪናዎች ከፊት ባለው ሌላ ውሃ ተይዘው ዳገቱ ሥር ነው ያደሩት፤ ሾፌራችን እዚያ የነበሩ ጓደኞቹን በስልክ አግኝቷቸዋል። ቤት የለም፣ ሰው የለም። ትንሽ ቀድመን ብናልፍ ከእነሱ ጋር ነበርን። መቶ ሜትር ወደኋላ ብንቆም ያን በር አናገኘውም።

አንድ ነገር ደግሞ በልቤ አለ፤ ሳልናገረው ባልፍ ደስ አይለኝም። በዚያው አገር በጎርፍ ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች አሉ። እነሱም ጸልየዋል። ለምን የእኔ ተረፈ የሚለውን መልስ አላውቅም። ማስታወሻ ስናስይዝ እነሱንም እናስባለን።

ቤት ከገባን በኋላ ጓደኛዬ በእኔ ፈንታ ሴትዮዋን በስልክ አናገረቻቸው። ማሽኑ የልጅ ልጃቸው ነው፤ እሱም አስም አለበት፣ አሁን ከወላጆቹ ጋር ሌላ ከተማ ሄዷል። እነሱ ከሄዱ ወዲህ ማሽኑን ለጎረቤት አውሰውት ነበር። ጎረቤትየው ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ውሃው ሳይመጣ ብሎ መለሰላቸው። እኛ ከሁዌ በተነሣንበት ሰዓት መሆኑ ነው። ያኔ መንገዱም አልተዘጋም፣ ልጄም አልታመመም፣ እኛም ገና አልለመንንም።

ጓደኛዬ ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። እማማ ግን አላለቀሱም። እልልታቸውን አቀለጡት፤ ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ። ይኸው ስለታችንን ፈጽመናል። እግዚአብሔር ይመስገን፤ የእመቤታችን ምልጃዋ አይለየን። አሜን።