በሲያ ኮሊሲ ታሪክ ውስጥ የሚዘለለው ምዕራፍ

ስለ ሲያ ኮሊሲ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ሁለት ጫፍ ብቻ አለው። በአንደኛው ጫፍ ዝዊዴ በተባለችው የፖርት ኤልዛቤት የጥቁሮች ሰፈር በአያቱ እጅ ያደገ፣ አንዳንድ ቀን ጦሙን የሚያድር ልጅ አለ፤ በሌላው ጫፍ ደግሞ የዓለም ዋንጫን ያነሣ የመጀመሪያው ጥቁር የስፕሪንግቦክ፣ ማለትም የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ የራግቢ ቡድን፣ አምበል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ በ12 ዓመቱ የስፖርት ቁምጣ አጥቶ በውስጥ ሱሪ ተጫውቶ የታዋቂውን የግሬይ ትምህርት ቤት ነጻ ዕድል ያገኘበትን ታሪክ እኔም ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ቅር የሚለኝ በመካከሉ ያለው ነገር፣ ማለትም ሰውየው ከአሥር ዓመት በላይ እንጀራውን የበላበት ሥራ፣ ሳይነገር መታለፉ ነው።

ሥራው ፍላንከርነት ነው። በራግቢ ዩኒየን ኳስ የያዘ ተጫዋች ተይዞ ሲወድቅ ኳሱን መልቀቅ ግዴታው ነው፤ በዚያች ቅጽበት ከተጋጣሚ ወገን ቀድሞ የደረሰና በሁለት እግሩ የቆመ ሰው ጎንበስ ብሎ በእጁ ሊወስደው ይችላል። አንድ አፍታ ከዘገየ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ሰዎች ጠርገውት ያልፋሉ፤ ቸኩሎ በጉልበቱ ከተንበረከከ ወይም በጎን በኩል ከገባ ደግሞ ዳኛው ቅጣት ምት ይሰጥበታል። እንግዲህ ፍላንከር የሚባለው ሰው በ80 ደቂቃ ውስጥ ይህን ሲያደርግ፣ ሰው ሲጥል፣ ተነሥቶ እንደገና ሲሮጥ ይውላል፤ ስሙ በውጤት ሰሌዳ ላይ የሚወጣው ግን ከስንት አንዴ ነው። በደቡብ አፍሪካ ኮሊሲ የሚለብሰው ስድስት ቁጥር ሌላም ሸክም አለው፦ በ1995 የዓለም ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ ኔልሰን ማንዴላ ለብሰውት የወጡት የአምበሉ የፍራንሷ ፒናር ማሊያ ቁጥር ነው። ራግቢ ዩኒየን በደመወዝ መጫወትን በይፋ የፈቀደው በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ላይ ስለነበር፣ ኮሊሲ በሙያ ደረጃ የተጫወተበት ዓለም ከእርሱ በአራት ዓመት የሚያንስ ነው ማለት ይቻላል።

ለብሔራዊ ቡድኑ መጀመሪያ የተሰለፈው ሰኔ 2013 በኔልስፕሩት ከስኮትላንድ ጋር በተደረገው ጨዋታ ነው፤ አርኖ ቦታ የተባለው የቡድን ጓደኛው ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ተጎድቶ ሲወጣ ተቀይሮ ገብቶ የጨዋታው ኮከብ ተብሎ ተመረጠ። ከዚህ በኋላ መንገዱ የተከፈተለት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የሆነው ግን ሌላ ነበር፤ ለዓመታት ከተጠባባቂ ወንበር እየተነሣ የሚገባ ተጫዋች ሆኖ ቆየ፣ በ2015ቱ የዓለም ዋንጫም ከቡድኑ ጋር ቢጓዝም የሜዳ ላይ ጊዜው ጥቂት ነበር። ቋሚ ተሰላፊነቱን ያረጋገጠው በ2017፣ የኬፕ ታውኑ ክለብ የስቶርመርስም አምበል በሆነበት ዓመት ነው።

ስለዚህ አሠልጣኙ ራሲ ኢራስመስ በ2018 የአምበልነቱን ማዕረግ ሲሰጡት፣ «ፖለቲካ ነው» ያሉት ሰዎች የዘነጉት ይህን የጥበቃ ዘመን ይመስለኛል። በአምበልነት የመጀመሪያው ጨዋታ በኤሊስ ፓርክ ከእንግሊዝ ጋር ነበር፤ 24 ለ 3 ወደ ኋላ ቀርተው ከቆዩ በኋላ 42 ለ 39 አሸነፉ። በቀጣዩ ዓመት ዮኮሃማ ላይ እንግሊዝን በዓለም ዋንጫው ፍጻሜ 32 ለ 12 ረቱ።

እኔ ግን ኮሊሲን አሳይ ብባል የማሳየው ዋንጫውን ሲያነሣ አይደለም። ሐምሌ 2021 ኬፕ ታውን ውስጥ፣ በኮቪድ ምክንያት ተመልካች በሌለበት ስታዲየም፣ ከሦስቱ ግጥሚያዎች የመጀመሪያውን ያጣው ቡድኑ ከብሪታኒያና አየርላንድ ላየንስ (ከእነዚያ አገሮች ከተመረጡ ተጫዋቾች ከተዋቀረው ቡድን) ጋር ሁለተኛውን እያደረገ ነው። ሮቢ ሄንሾ በእግር የተላከለትን ኳስ ከተከላካዮች ጀርባ ተቀብሎ የግቡን መስመር አለፈ፤ ነጥብ ለማግኘት የቀረው ነገር ኳሱን መሬት ማስነካት ብቻ ነበር። ኮሊሲ ከሥሩ ገብቶ ክንዱንና ገላውን በኳሱና በሣሩ መካከል አኖረ። ዳኞቹ ምስሉን ደጋግመው አይተው ነጥቡን ሳያጸድቁት ቀሩ። ደቡብ አፍሪካ ያንን ጨዋታ 27 ለ 9፣ ሦስተኛውን ደግሞ 19 ለ 16 አሸንፋ ውድድሩን ወሰደች። ይህን የመሰለ ነገር በአካል ብቃት ብቻ አይገኝም፤ ሰውየው ኳሱ የት እንደሚያርፍ ከባለኳሱ ቀድሞ ማወቅ አለበት።

ሚያዝያ 2023 ላይ የጉልበቱ ጅማት ተጎዳ። እንዲህ ያለ ጉዳት ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ዓመት በላይ ከሜዳ ያርቃል፤ የዓለም ዋንጫው ደግሞ መስከረም ላይ ይጀመር ነበር። ቀዶ ሕክምና አድርጎ ነሐሴ ላይ ካርዲፍ ውስጥ ከዌልስ ጋር ተሰለፈ። በዓለም ዋንጫው ቡድኑ ፈረንሳይን 29 ለ 28፣ እንግሊዝን 16 ለ 15፣ ኒውዚላንድን 12 ለ 11 አሸንፎ ዋንጫውን ሲወስድ፣ ሦስቱንም በአንድ ነጥብ ልዩነት መሆኑ ነው። አምበሉ በሩብና በግማሽ ፍጻሜው በሁለተኛው አጋማሽ ተቀይሮ ወጥቷል፤ የኢራስመስ አሠራር ትኩስ ጉልበት ከተጠባባቂ ወንበር ማምጣት ስለሆነ ማዕረግ አያስቀርም። በፍጻሜው ደግሞ ኮሊሲ በጭንቅላት ግጭት ቢጫ ካርድ አይቶ አሥር ደቂቃ ውጭ ተቀምጧል። የተቃራኒው አምበል ሳም ኬን ቀደም ሲል በተመሳሳይ ጥፋት የተሰጠው ቢጫ ወደ ቀይ ተቀይሮበት ስለነበር፣ ኮሊሲ ወንበሩ ላይ ሆኖ የቪዲዮ ዳኞቹን ውሳኔ ሲጠብቅ ምን ይሰማው እንደነበር መገመት አይከብድም። የእርሱ ቢጫ ቢጫ ሆኖ ቀረ።

ከዋንጫው በኋላ ወደ ፓሪሱ ራሲንግ 92 ተዛወረ፤ ይህ ክፍል ከሁለቱም ጫፍ ጋር ስለማይገጥም ማንም አያነሣውም። ብዙ ተጠብቆበት ነበር፤ የክለቡ ባለቤት ግን በአደባባይ ቅሬታቸውን እስከ መግለጽ ደረሱ። በእኔ ግምት የተሰፋ ጉልበት ይዞ ዓለም ዋንጫን ከጨረሰ ሰው ወዲያው ረጅሙን የፈረንሳይ ሊግ በሙሉ ጉልበት እንዲጫወት መጠበቁ ራሱ ከልክ ያለፈ ነበር። ከአንድ የውድድር ዘመን በኋላ በ2024 ቀድሞ ወደተጫወተበት የደርባን ክለብ ሻርክስ ተመለሰ፤ የብሔራዊ ቡድኑን አምበልነትም እንደያዘ ቀጠለ።