ሐረጎ ዳገት ላይ የሚጠፋው ውሃ

አሮጊቷ መኪናዬ ውሃ ማጉደል ጀመረች። በሳምንት ግማሽ ሊትር ገደማ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመለስ፣ ሐረጎ ዳገት ላይ የሙቀት መርፌው ከመሃል ትንሽ ከፍ ይላል። ከተማ ስገባ ይወርዳል። ማታ ማታ ከሞተሩ ሥር ካርቶን አነጥፋለሁ፤ ጠዋት ሳየው ደረቅ ነው።

አንድ ጋራዥ ብወስዳት «የቴስታታ ጋስኬት ነው፣ ይፈታ» አሉኝ። የሞተሩ ራስ ማሸጊያ ማለታቸው ነው። ልቤ አልተቀበለውም። የዘይት መለኪያውን ሳወጣ ዘይቱ ውሃ ገብቶበት ወተት አልመሰለም። የጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ አያጨስም። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቼ አስነሳሁት፤ አረፋ የለም። ይሄ ሁሉ ሙሉ ዋስትና አይሆንም። ግን ሌላውን ሳላይ ቴስታታ አላስፈታም አልኩ።

ጥፋቱ የኔም ነበረበት። የጎደለውን ሁሌ በቧንቧ ውሃ ነበር የምሞላው። ንጹህ ውሃ የጋለ ሞተር ላይ ሲንጠባጠብ ተንኖ ይጠፋል። ኩላንት፣ ባለቀለሙ የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ግን ሲደርቅ ቀለሙን ትቶ ይሄዳል። ለካ ፍንጩን በየሳምንቱ ሳጥበው ከርሜያለሁ። ደግሞ ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ ውሃ ክፍት ድስት ውስጥ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። እዚህ አገር ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርጉት፣ ግፊት የሚይዝ ደህና የራዲያተር ክዳንና ኩላንት፣ ቅንጦት አይደሉም።

ውሃውን አስወጥቼ አረንጓዴ ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ሞላሁ። ትርፍ ውሃ መያዣው ፕላስቲክ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰመርኩ። ሦስት ቀን ኮምቦልቻ ተመላለስኩ። በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ሞተሩ በረዶ ሆኖ ሳለ፣ የስልኬን ካሜራ መብራቱን አብርቼ ከችንጋው፣ ፓምፑን ከሚያዞረው ቀበቶ፣ ጀርባ ሰደድኩት። ቪዲዮውን ሳየው የውሃ ፓምፑ ሥር ካለች ትንሽ ቀዳዳ የወረደ ቀጭን አረንጓዴ መስመር፣ ጫፉ ላይ እንደ ጨው የደረቀ ቅርፊት!

ያቺ ቀዳዳ ብልሽት አይደለችም። የፓምፑ የውስጥ ማሸጊያ ሲያልቅ ውሃው የፓምፑ ዘንግ ወደሚዞርበት ኩሺኔታ እንዳይገባ ሆን ተብሎ የተበጀች ናት። የምታፈሰው ሞተሩ ሲዞርና ግፊት ሲኖር ብቻ ነበር። ካርቶኑ ደረቅ ሆኖ የሚያድረው ለዚህ ነው።

ቪዲዮውን ለሰፈራችን መካኒክ አሳየሁት። ችንጋውን ፈቶ፣ ችንጋው የሚጠመጠምበትን የፓምፑን ፑሌጃ ነቀነቀው፤ ላልቶ ይጫወታል። «አብሽር ጋሼ፣ ቴስታታህ ደህና ነው» አለኝ። ፓምፑን ከነጋስኬቱ ቀየርን፤ ችንጋውም አርጅቶ ስለነበር አብሮ ተቀየረ። ከውሃው መስመር አየር ማስወጣቱን አልቸኮልንበትም። የካቢኑን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፍተን፣ የውሃ ቱቦዎቹን በእጅ እየጨመቅን፣ አረፋው እስኪያልቅ ጠበቅን።

ወር አልፎታል። ሁሌ ጠዋት ሳላስነሳት ኮፈኑን ከፍቼ አያለሁ። ኩላንቱ እስክሪብቶው መስመር ላይ ነው።