ከዱካ እስከ ቋንጣ፦ የዘንድሮው የአጋዘን አደናችን በሊምፖፖ

ዘንድሮም ከጓደኛዬ ጋር በደቡብ አፍሪካ ሰሜን ወዳለው የሊምፖፖ ክፍለ ሀገር ሄደን የአደን ወቅታችንን ጨርሰን ተመልሰናል። ስለ ጠመንጃ አያያዝና ስለ ኢላማ ልምምድ ከዚህ ቀደም የጻፍኩትን ያነበባችሁ ወዳጆች «ከኢላማ ሰሌዳው ቀጥሎ ምን ይመጣል?» እያላችሁ ስትጠይቁኝ ከርማችኋል። አሁን በሙሉ ልብ መመለስ እችላለሁ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ዱካ ነው። ቃታ መሳብ የአንድ ትንፋሽ ሥራ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም ሙሉ ቀን፣ አንገትን ደፍቶ መሬቱን በማንበብ ያልፋል። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፌ በአብዛኛው ስለ መሬቱ ነው።

አስቀድሜ ስለ ጊዜው። በደቡብ አፍሪካ ዋናው የአደን ወቅት ከግንቦት እስከ ነሐሴ ያለው ክረምት ነው። የእዚያ ክረምት እንደ አገራችን ዝናብና ጭቃ የለበትም፤ ደረቅና ብርዳማ ነው። ቅጠሉ ይረግፋል፣ ሣሩ ይሳሳል፣ ዓይን ራቅ አድርጎ ያያል፣ ሥጋውም ቶሎ አይበላሽም። እኛ ኦርቶዶክሳውያን ግን ይህን ወቅት እንዳለ ልንጠቀምበት አንችልም፤ መጀመሪያውን የሰኔ ጾም፣ መጨረሻውን ፍልሰታ ይዘውታል። የሚተርፈን ከሐምሌ 5 የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል እስከ ፍልሰታ መግቢያ ያለው ጊዜ ነው። ያደኑትን ሳይቀምሱ ማቀዝቀዣ ውስጥ መቆለፍ ለእኔ አይዋጥልኝም። ደግነቱ ይህ ጊዜ ለአጋዘን የተመቸ ነው። እዚያ ኩዱ የሚሉት፣ ቀንዱ እየተጠመዘዘ የሚወጣው ትልቁ የቆላ አጋዘን የመራቢያ ወቅቱን በግንቦትና በሰኔ ያሳልፋል። ሐምሌ ሲጋመስ ወንዶቹ ከሴቶቹ ተለይተው ጥቂት ጥቂት እየሆኑ አብረው መዋል ይጀምራሉ፤ አንዱን ትልቅ ወንድ ያገኘ ሰው ሌሎቹንም አጠገቡ ያገኛል።

ያደንንበት ቦታ ከሳውትፓንስበርግ ተራሮች በስተሰሜን ያለ፣ ሞፓኔ የሚባለው ዛፍ የሞላበትና እዚህም እዚያም ባኦባብ የቆመበት ቀይ አፈር ነው። የግል የዱር እንስሳት እርሻ ሲሆን ባለቤቱ በክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ በፖሎክዋኔ ሱቅ ላለው ጓደኛዬ የቆዩ ደንበኛው ናቸው። በአገራችን የዱር እንስሳ የመንግሥት ሀብት ነው። በደቡብ አፍሪካ ግን እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣ ሕግ መሠረት በበቂ አጥር በተከለለ መሬት ላይ ያለ የዱር እንስሳ የባለመሬቱ ንብረት ነው። ለአዳኙ ይህ ማለት የእያንዳንዱ እንስሳ ዋጋ አስቀድሞ ይነገረዋል፣ ጥይቱ ደም ካፈሰሰ ደግሞ እንስሳው ባይገኝም ይከፍላል ማለት ነው። ይህን ደንብ እወደዋለሁ፤ እርግጠኛ ሳይሆኑ ቃታ ከመሳብ ይከለክላል። እርሻ ስትመርጡ ግን ስፋቱን ጠይቁ። አጋዘኑ ሊሰወርበት የማይችልበት ጠባብ ግቢ ውስጥ የሚደረገውን ነገር፣ በተለይ በረት ውስጥ ባደገ አንበሳ ላይ የሚደረገውን፣ እኔ አደን ብዬ አልጠራውም።

የራሴ ጠመንጃ ገና የለኝም። የአገሪቱ የጦር መሣሪያ ሕግ ባለ ፈቃዱ ከአጠገብ ሆኖ እየተቆጣጠረ ሌላ ሰው በመሣሪያው እንዲጠቀም ስለሚፈቅድ በእርሻው ባለቤት 308 ካሊበር ጠመንጃ ተጠቅመናል። ከአምናው ይልቅ ትልቁ መሻሻሌ በባለ ሦስት እግር ድጋፍ ቆሞ መተኮስ ላይ ነው። እዚያ ቁጥቋጦው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ተኝቶ ማነጣጠር ብዙም አይሆንም። የጠመንጃውን የፊት እንጨት ድጋፉ ላይ ማሳረፍ፣ ሰደፉን ትከሻ ውስጥ አጥብቆ ማስገባት፣ የቀኝ ክርንን ከጎን ጋር ማስጠጋት፣ ትንፋሽን ግማሽ አውጥቶ መያዝ፤ ይህን በተኩስ ሜዳ ደጋግሜ ስለሠራሁት አሁን በ100 ሜትር ርቀት ጥይቶቼ ከመዳፍ በማይሰፋ ቦታ ላይ ያርፋሉ። ለአጋዘን ልብና ሳንባ ይህ በቂ ነው።

አሁን ወደ ዱካው። መንገድ መሪያችን ዕድሜያቸው የገፋ የቬንዳ ብሔረሰብ ተወላጅ ናቸው፤ «ባባ» እንላቸዋለን። ረጅም ቀጭን ዘንግ ይይዛሉ፤ የሚያስተምሩትም በአፋቸው ሳይሆን በዘንጉ ጫፍ ነው። ኮቴውን ሳይነኩ ጠርዙን ያመለክቱና ዝም ይላሉ፤ እኛ ያየነውን እስክንናገር ይጠብቃሉ። በመጀመሪያ የተማርነው የት መቆም እንዳለብን ነው። ዱካ በደንብ የሚታየው ፀሐይ ዝቅ ባለችበት ሰዓት፣ ዱካው በእናንተና በፀሐይዋ መካከል ሲሆን ነው። ያኔ የኮቴው ጠርዝ ጥላ ይጥላል። ከወዲያ ዞራችሁ ፀሐይዋን ከጀርባ ካደረጋችሁት ያው ዱካ ከዓይናችሁ ይጠፋል። ከረፋድ በኋላ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ንባቡ በጣም ስለሚከብድ ባባ ጠዋትን እንደ ወርቅ ነው የሚቆጥሩት።

ቀጥሎ የዱካው ዕድሜ። አዲስ ዱካ ጠርዙ ስል ነው፤ ነፋስ ሲነካው ይሸራረፋል፣ ጥቃቅን አፈር ወደ ውስጥ ይንከባለላል። በኮቴው ላይ የሌሊት ነፍሳት የተራመዱበት ቀጭን መስመር ካለ አጋዘኑ ያለፈው ከንጋት በፊት ነው። በአንጻሩ የነፍሳቱን መስመር ኮቴው ረግጦት ካገኛችሁ እንስሳው ገና ቅርብ ነው ማለት ነው። የተቀነጠበው ቅጠል ቁርጡ ላይ እርጥበት ካለው ደግሞ ድምፅ መቀነስ ያስፈልጋል። ፋንድያውን ባባ በሁለት ጣታቸው ይፈረካክሱታል፤ ውጩ ደርቆ ውስጡ ለስላሳ ከሆነ ጥቂት ሰዓታት ያለፉት ነው፣ ላዩ ገና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ግን አንገታቸውን ቀና አድርገው ፊት ለፊት ያለውን ቁጥቋጦ መፈተሽ ይጀምራሉ።

አንድ ጠዋት የውኃ ገንዳው አጠገብ ያየነውን ላካፍላችሁ። እርጥብ አፈር ላይ ወንድ አጋዘኖች ጠጥተው የሄዱበት ዱካ ነበር። የአጋዘን ኮቴ ጠበብ ብሎ ጫፉ የሾለ ነው፤ የወንዱ የፊት ኮቴ ደረቱና አንገቱ ከባድ ስለሆነ ከኋላው ሰፋ ብሎ ጠለቅ ይላል። ከመካከላቸው የአንዱ ኮቴ ጫፍ የተበላ፣ ክብ የሆነ ነበር፤ በእያንዳንዱ እርምጃም አፈሩን ትንሽ ይጎትት ነበር። ጓደኛዬ ተንበርክኮ ብዙ ካየው በኋላ «ይሄ ሽማግሌ ነው» አለ። ባባ ዘንጋቸውን መሬት ላይ ተክለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ዕለት ሌሎቹን ዱካዎች ትተን ያንን የተበላ ኮቴ ብቻ ነው የተከተልነው። መንጋ ሲበታተን አንድ ምልክት ያለውን መርጦ መያዝ ምን ያህል ሥራ እንደሚያቀልል የገባኝ ያኔ ነው። ዱካው ድንጋያማ ቦታ ላይ ሲጠፋን አንዳችን የመጨረሻው ኮቴ ላይ ቆመን፣ ሌሎቻችን ፊት ለፊቱን በግማሽ ክብ እየዞርን እንፈልጋለን። የመጨረሻውን ዱካ ጥሎ መሄድ ክልክል ነው።

ነፋሱን የምናውቀው በቀጭን ጨርቅ በተቋጠረ አመድ ነው። ጨርቁን ነካ ሲያደርጉት አመዱ ብን ይልና የነፋሱን አቅጣጫ ያሳያል። ፀሐይ መሬቱን ማሞቅ ስትጀምር ነፋሱ ስለሚዞር በየጥቂት ደቂቃው እንፈትሸዋለን፤ ወደ ኋላችን መንፈስ ከጀመረ ዱካው ምንም ያህል ትኩስ ቢሆን ትተን በሰፊው እንዞራለን። ሌላዋ ጠባቂ ወፍ ናት። አመድማ ቀለም ያላት፣ ራሷ ላይ ቁንጮ ያላት፣ ሰው ስታይ እንደሚያለቃቅስ ሰው የምትጮህ ወፍ አለች። እርሷ ከጮኸች በአካባቢው ያለ እንስሳ ሁሉ ጆሮውን ያቆማል። ባባ እንዲህ ሲሆን ዛፍ ሥር ቁጭ ያስደርጉናል፤ ወፊቱ ረስታን እስክትሄድ ድረስ ማንም አይንቀሳቀስም።

አጋዘን ግን ዱካው ጋ ደርሳችሁም ለዓይን ያስቸግራል። ግራጫ ገላው ላይ የወረዱት ነጫጭ መስመሮች ከቅርንጫፍ ጥላ ጋር ይመሳሰላሉ። ሙሉ እንስሳ መፈለግ አይገባም፤ የሚፈለገው የጆሮ እንቅስቃሴ፣ ቀጥ ባሉ ግንዶች መካከል አግድም የተሰመረ ጀርባ፣ የቀንድ ጫፍ ነጸብራቅ ነው። በዚህ ጓደኛዬ ከእኔ ይበልጣል። በርቀት መነጽሩ መጀመሪያ ያየው አንድ ወጣት ወንድ ነበር፤ ጎኑን ሰጥቶን ለረጅም ጊዜ ቆሟል። ቀንዱ ገና ሁለተኛውን ጥምዝ አልጨረሰም። የአጋዘን ቀንድ ሁለት ተኩል ጥምዙን የሚሞላው ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ስለሆነ ይህኛው የመራቢያ ዘመኑ ገና ከፊቱ ነው። ጠመንጃውን ድጋፉ ላይ አሳርፌ፣ በመነጽሩ ውስጥ በደንብ አይቼው፣ መልሼ አወረድኩት። በዚህ ውሳኔያችን ደስተኛ ነኝ።

ሽማግሌውን ያገኘነው ከቀትር በፊት ነው። የቀንዶቹ ጫፎች ወደ ውጭ ተከፍተው ነጭ ሆነዋል፣ አንገቱ ወፍሯል፣ ጺሙ ረዝሟል። ርቀቱ ከ100 ሜትር ትንሽ ይበልጥ ነበር። ያነጣጠርኩት የፊት እግሩን የኋላ ጠርዝ ተከትሎ ከደረቱ ሥር ወደ ላይ የገላውን አንድ ሦስተኛ ያህል በወጣው ቦታ ላይ ነው። በስመ አብ ብዬ ቃታውን ሳብኩ። አጋዘኑ ወደ ላይ ዘለለና ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ። ልቤ ልከተል ቢለኝም ባባ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው አስቀመጡን። የተመታ እንስሳ ካልተባረረ ቅርብ ቦታ ይወድቃል፤ ከተባረረ ግን ባለ በሌለ ኃይሉ ይሮጣል። ቆይተን ስንሄድ ሣሩ ላይ ያለው ደም ፈካ ያለ ቀይና አረፋ ያለበት ነበር። ይህ የሳንባ ደም ነው። ጠቆር ያለ ደም ጉበትን፣ አረንጓዴ ነገር የተቀላቀለበት ደግሞ አንጀትን ያመለክታል፤ የመጨረሻው ሲገጥም ብዙ ሰዓት መጠበቅ ግድ ይላል። የእኛው ሩቅ አልሄደም።

ጓደኛዬ ፈጥኖ ደርሶ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብሎ በቢላው አንገቱን ባረከው፣ ደሙንም አፈሰሰው። ከነራሱ ቆዳው እንዲዘጋጅላቸው የሚፈልጉ አዳኞች አንገት አያስቆርጡም፤ እኛ ቀንዱን ከነራስ ቅሉ ብቻ ስለምንወስድ የሚያስጨንቀን ነገር የለም። ለእኛ ዋናው ሥጋው በሥርዓቱ መሠረት የሚበላ መሆኑ ነው። በዚሁ ምክንያት ከርከሮ አናድንም፤ በእርሻው ላይ ሞልቷል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው፣ ግን ለማንበላው እንስሳ ጥይት አናወጣም።

ጓደኛዬ የባሌ ልጅ ነው፤ ያደገው ዲንሾ አጠገብ ነው። ቆዳ ስንገፍ ስለ ደጋው አጋዘን ያጫውተኛል፤ ስለዚያ በሌላ አገር ስለማይገኘው፣ አሥር ሳንቲማችን ላይ ስለተቀረጸው እንስሳ። የውጭ ሳይንቲስቶች ያወቁት ዘግይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። በ1983 ዓ.ም. የሥርዓት ለውጥ ሲመጣ ጥበቃው ፈርሶ በዲንሾ አጠገብ ባለው በጋይሳይ ሜዳ የነበረው የደጋ አጋዘን ክፉኛ ተመናመነ። ጓደኛዬ ያኔ ሕፃን ነበር፤ ትልልቆቹ ሰዎች ሲያወሩት ሰምቶ ያደገው ነገር ነው። ስለዚህ ስለ ዱር እንስሳ ሕግ ሲነሳ ስሜቱ ይለወጣል። በአገራችንም በሕጉ መሠረት አደን የሚካሄደው በፈቃድና በተወሰነ ቁጥር ነው፤ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ግን ፈጽሞ አይፈቀድም። እኔ የማምነው እንዲህ ነው፦ ከአደኑ የሚገኘው ገንዘብ ከእንስሳው ጋር መሬት ለሚጋራው ገበሬ ደጃፍ ካልደረሰ ፈቃዱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ናሚቢያ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሻሻለችው ሕግ የገጠር ማኅበረሰቦች ተደራጅተው በዱር እንስሳው እንዲጠቀሙ ማድረጓ ከዚህ አንጻር ልናጠናው የሚገባ ነው።

ሥጋው ብዙ ነው። ትልቅ ወንድ አጋዘን ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ከዚህ ግማሽ ያህሉ ከነአጥንቱ ይተርፋል። ከፊሉን ለባባና ለእርሻው ሠራተኞች ሰጠን፤ የቀረውን ባለቤቱ በጽሑፍ የሰጡንን ደብዳቤ ይዘን ወደ ጆሃንስበርግ ጫንን። ያለ ደብዳቤ የዱር እንስሳ ሥጋ ይዛችሁ መንገድ አትውጡ። የአገሩ ሰዎች ሥጋውን በኮምጣጤ፣ በጨውና በድንብላል አሽተው ቢልቶንግ ያደርጉታል። እኛ እንደ ጣት ወፍራም አድርገን ዘልዝለን፣ በጨው፣ በበርበሬና በኮረሪማ አሽተን ሰቀልነው። የጆሃንስበርግ የሐምሌ አየር ደረቅና ቀዝቃዛ ስለሆነ ቋንጣው ሳይሸት በሚገባ ይደርቃል። የአጋዘን ሥጋ ስብ ስለሌለው ወጡ ውስጥ ሲገባ ቅቤ ጨመር ማድረግ ያስፈልገዋል።

ለሚቀጥለው ወቅት ከባባ ጋር ተስማምተናል፤ እኔና ጓደኛዬ ከፊት ሆነን ዱካውን እንመራለን፣ እርሳቸው ከኋላ ይከተላሉ። እስከዚያው ፖሎክዋኔ ዙሪያ ባሉ የግጦሽ ሜዳዎች በማለዳ እየወጣን በከብትና በፍየል ዱካ እንለማመዳለን። ዘዴው ቀላል ነው፦ ራሳችን የረገጥነውን ቦታ ምልክት አድርገን በየሰዓቱ ተመልሰን እናየዋለን፤ ጠርዙ እንዴት እንደሚለወጥም በደብተር እንሥላለን። ነፋስ የበዛበትን ቀንና ጤዛ ያደረበትን ቀን ለየብቻ መያዙን አትርሱ፤ ያው አንድ ዱካ በሁለቱ ቀናት ፈጽሞ የተለያየ ዕድሜ ያለው ይመስላል።