ፓስወርድ ቢቀየርም የማይወጣው ሌባ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሰው ወደ እኔ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ «ቫይረስ ገባብኝ» ብሎ ነው፤ የሚጠረጥረውም ፍላሽ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ጣጣው ከብራውዘሩ ውስጥ፣ እሱ ላይ ከሚጨመሩት ኤክስቴንሽን የሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች ይመጣ ጀምሯል። ብራውዘሩን ደግሞ ማንም አይጠረጥረውም። ክሮም ነው፣ የጎግል ነው፣ ምን ይሆናል ይላሉ።

ነገሩን በደንብ እንዳይ ያደረጉኝ የሀበሻ ልብስ የሚሸጡ እናት ናቸው። የጥምቀት ትዕዛዝ የሚቀበሉት በፌስቡክ ፔጃቸው ነው። ልክ ገበያው ሲደራ ፔጁ ላይ በማያውቁት ቋንቋ የጫማ ማስታወቂያ መውጣት ጀመረ። «ፓስወርዱንማ ልጄ ቀየረልኝ» አሉኝ፤ «እነሱ ግን ይኸው እንደ ቤታቸው ይገባሉ።» ልጁ በስልክ የሚመጣውን የማረጋገጫ ኮድም አስተካክሎላቸዋል። አንቲቫይረሱ ፈትሾ ምንም አላገኘም።

እኛ ጠጋኞች እንዲህ ሲገጥመን እጃችን ወደ ፎርማት (ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን) ይሮጣል። ግን ኮድ ሳይጠየቅ የሚገባ ሰው በዋናው በር አልመጣም። ስለዚህ ክሮምን ከፍቼ፣ ከላይ ጥግ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭኜ የኤክስቴንሽን ዝርዝሩን አየሁ። ፒዲኤፍ መቀየሪያ፣ ቪዲዮ ማውረጃ፣ የቅናሽ ኩፖን ፈላጊ (ለጎንደር ገበያ ምን ሊረባ እንደሆነ እንጃ)፣ ነጻ ቪፒኤን (የተገደበ ገጽ የሚያስከፍት)። ሁሉንም አጠፋሁና አንድ በአንድ እያበራሁ ጎግል ላይ መፈለግ ያዝኩ። ቪፒኤኑ ሲበራ አድራሻ መስመሩ ላይ የማላውቀው ስም ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ፍለጋው በሌላ ሰው ቤት ዞሮ ነው የሚመጣው። ሳጠፋው ይቆማል። ዝርዝር መረጃውን ስከፍት ፈቃዱ ተጽፏል፦ በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለዎትን መረጃ ሁሉ ማንበብና መለወጥ።

እንዴት እንደገባ ለመገመት አይከብድም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክና ቴሌግራም ሲገደቡ ሰው ሁሉ ያገኘውን ቪፒኤን ነበር የጫነው። ከወራት በኋላ ገደቡ ተነሳ፤ ቪፒኤኑን ግን ማን ያስታውሰዋል?

ፌስቡክ አንዴ ከገባን በኋላ በየደቂቃው ፓስወርድ አይጠይቀንም። ኩኪ የሚባል መለያ ብራውዘሩ ውስጥ ያስቀምጥና በዚያ ያውቀናል። በቂ ፈቃድ ያለው ኤክስቴንሽን ያንን ኩኪ ወስዶ ለባለቤቱ መላክ ይችላል። ያኔ ፓስወርድም ኮድም አያስፈልግም። ልጁ ፓስወርድ ሲቀይርም አዲሱ ኩኪ ተመልሶ እዚያው እጅ ይገባል። ሌባው ሳሎን ተቀምጦ የበር ቁልፍ እንደመቀየር ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ኤክስቴንሽኑን ማስወገድ፣ ቀጥሎ ከሁሉም መሣሪያ ሎግ አውት ማድረግ፣ ከዚያ ፓስወርድ መቀየር። በፔጁ አስተዳዳሪዎች ዝርዝር ውስጥ ደግሞ እናትየው የማያውቁት ስም ተቀምጦ አገኘን። እሱን ባናወጣው ሥራው ሁሉ ከንቱ ነበር።

«ጎግል አይቆጣጠርም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ይቆጣጠራል፤ ግን ሲጫን ደህና የነበረው በኋላ ሊበላሽ ይችላል። ኤክስቴንሽን ራሱን በራሱ አፕዴት ያደርጋል። ክሮም አዲስ ፈቃድ ከተጠየቀ አስቁሞ ይጠይቅሃል፤ ቀድሞውኑ ሁሉን ፈቅደህ ከሆነ ግን የሚጠይቅህ ነገር የለም። ዘ ግሬት ሰስፔንደር የሚባለው ኤክስቴንሽን ከ2 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ነበረው። ሠሪው እ.ኤ.አ. በ2020 ለማይታወቅ ገዢ ሸጠው፤ በየካቲት 2021 ጎግል አደገኛ ነው ብሎ አስወገደው። ካልሸጡትም ይሰረቃል። ሳይበርሄቨን የሚባል የራሱ ኤክስቴንሽን ያለው ድርጅት አለ፤ በታኅሣሥ 2024 አንድ ሠራተኛው ከጎግል የመጣ በሚመስል ኢሜይል ተታለለ፤ በፈረንጆች ገና ዕለት የተበከለ አፕዴት ለደንበኞቹ ተላከ። ዋና ዒላማው የፌስቡክ ማስታወቂያ አካውንቶች ነበሩ። ድርጅቱ እኮ የዳታ ደኅንነት ድርጅት ነው!

አንዳንዱ ደግሞ ማስወገጃ ቁልፍ የለውም፤ «በድርጅትዎ የሚተዳደር» ይላል። ምን ድርጅት? ሰውየው ቡና ነጋዴ ነው። እንዲህ ከሆነ ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነ ሌላ ፕሮግራም አለና መጀመሪያ እሱን ፈልጌ አወጣለሁ።

አሁን ሱቄ ውስጥ ደንበኛ ኢሜይሉን ሲከፍት በእንግዳ መስኮት ነው፤ እዚያ ኤክስቴንሽን አይሠራም። ያለበለዚያ ሲንክ (የአካውንቱን ነገር ከኮምፒውተር ኮምፒውተር የሚያመሳስለው) ሲበራ ቤቱ የጫነውን ሁሉ ይዞብኝ ይመጣል። የግድ ለሚያስፈልጋቸው ኤክስቴንሽኖች ፈቃዱን «ጠቅ ሳደርገው ብቻ» ላይ አደርጋለሁ። ፒዲኤፍ መቀየሪያው ባንክ ገጽ ላይ ምን ሥራ አለው?

እኔው ኮምፒውተር ላይ የቀረው አንድ ማስታወቂያ መከልከያ ነው። እሱም ሁሉንም ገጽ ማንበብ ይፈልጋል። አውቄ ነው ያስቀመጥኩት። ፊልም ማውረጃ ገጾች ላይ ያሉት የውሸት «ዳውንሎድ» ቁልፎች ስንቱን ደንበኛ እንዳመጡልኝ ስለማውቅ።