ፎርሙ ላይ የሌለው ጥያቄ

የምሠራው ባልቲሞር አካባቢ ባለ አንድ የጠበቆች ቢሮ ነው። ጠበቃ አይደለሁም። ስልክ አነሳለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ፣ የደወለውን ሰው ጉዳይ አዘጋጅቼ ለጠበቆቹ አስረክባለሁ። አብዛኛው የመኪና አደጋ ነው። የጎረቤት ውሻ የነከሰው ሰውም ይደውላል። ከ2023 ወዲህ ግን ሌላ ዓይነት ስልክ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤፕሪል 5 ቀን 2023 የሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ስለ ባልቲሞር ካቶሊክ ሀገረ ስብከት አንድ ትልቅ ሪፖርት አወጣ። ቀኑ በእኛ መጋቢት 27፣ መድኃኔዓለም ነበር። እኛ ሁዳዴን ይዘናል፣ ካቶሊኮቹ ደግሞ ሰሞነ ሕማማት ላይ ናቸው። ሪፖርቱ ከ1940ዎቹ እስከ 2002 ድረስ ከ600 በላይ ሕፃናትን በወሲብ አጥቅተዋል ያላቸውን 156 ሰዎች ይዘረዝራል። ካህናት አሉ፣ ዲያቆናት አሉ፣ መምህራንና ሌሎች ሠራተኞችም አሉ። ይህ ሀገረ ስብከት ተራ ሀገረ ስብከት አይደለም። በ1789 የተቋቋመ፣ በአሜሪካ የመጀመሪያው ነው።

በዚያው ወር አገረ ገዢው ዌስ ሙር አዲስ ሕግ ፈረሙ። ከዚያ በፊት በልጅነቱ የተጠቃ ሰው 38 ዓመት ካለፈው በኋላ ካሣ ልጠይቅ ቢል ፍርድ ቤቱ አይሰማውም ነበር። አዲሱ ሕግ ይህን ገደብ አነሳው። ከኦክቶበር 1 ጀምሮ የሰባ ዓመት ሽማግሌም መክሰስ ይችላል ተባለ። ሀገረ ስብከቱ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሴፕቴምበር 29 ላይ፣ ኪሳራ አወጀ። በዚህም የተነሳ ጉዳዩ ሁሉ ወደ ኪሳራ ፍርድ ቤት ዞረ፤ ተጎጂዎች እስከ ሜይ 31 ቀን 2024 ድረስ ፎርም ሞልተው እንዲያስገቡ ቀን ተቆረጠላቸው። ስልካችን የተጨናነቀው ለዚህ ነው።

ሥራው ስለበዛ አንድ የሐበሻ ልጅ ተቀጠረልን። ጎበዝ ልጅ ነው። ቀን ይሠራል፣ ማታ ኮሌጅ ይማራል፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሕፃናትን መዝሙር ያስጠናል። እኔን «እትዬ» ነው የሚለኝ። ያን ያህል አላረጀሁም፤ ቢሆንም ትቼዋለሁ።

«እትዬ፣ የካቶሊክ ቄሶች ቢያገቡ ኖሮ ይኼ ሁሉ ይመጣ ነበር?» አለኝ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሽሮውን በማይክሮዌቭ እያሞቀ። «የኛ ቄሶች ሚስት አላቸው፣ ልጆች አላቸው። ተፈጥሮን አፍኖ የት ይደረሳል?»

ይህን አባባል ያልሰማሁበት የሐበሻ ቤት የለም። ሐሳቡም ከመሬት የተነሳ አይደለም። በላቲኑ፣ ማለትም በሮም ካቶሊክ ሥርዓት የካህን ጋብቻ ጭራሽ ፈራሽ ነው የተባለው በ1139፣ በሁለተኛው የላተራን ጉባኤ ነው። ከዚያ በፊት ሚስት ያላቸው ካህናት ሞልተው ነበር። ዛሬም ከሮም ጋር አንድ የሆኑት የዩክሬንና የሊባኖስ ምሥራቃውያን ካቶሊኮች ያገባን ሰው ቅስና ይሾማሉ። እዚህ አሜሪካ ግን ለእነሱም ሳይቀር ከ1929 ጀምሮ ተከልክሎ ቆይቶ የተፈቀደው በ2014 ነው። ስለዚህ አለማግባት የቤተ ክርስቲያን ደንብ እንጂ ዶግማ አይደለም። የወጣ ደንብ ደግሞ ሊነሣ ይችላል።

የአውስትራሊያ መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የሕፃናትን ጥቃት ለዓመታት ሲመረምር ቆይቶ በ2017 የመጨረሻውን ሪፖርት አወጣ። አለማግባት በራሱ የጥቃቱ ቀጥተኛ ምክንያት አይደለም አለ። ከሌሎች ነገሮች ጋር ሲደመር ግን አደጋውን ያባብሳል ብሎ፣ ቫቲካን ነገሩን በፈቃድ ብታደርገው እንድታስብበት መከረ። እንግዲህ ልጁ ግማሽ እውነት ይዟል።

ሌላውን ግማሽ ስልኩ ይነግርሃል። አንዲት ደዋያችን የከሰሰችው መምህር ሚስትም ልጆችም ነበሩት። ይህን ለልጁ ስነግረው «እሱ ለየት ያለ ይሆናል» ብሎ ሽሮውን መብላት ጀመረ። ክርክሩ እዚያ ላይ ቆመ።

ከዚያ ያ ስልክ መጣ። ደዋዩ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ቀይሬያለሁ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ያነሳው ልጁ ነው፣ እኔ ፊት ለፊቱ ነኝ። ሰውየው በዕድሜ የገፋ ነው። ልጁ ፎርሙን ተከትሎ በቀስታ ይጠይቃል። በስንት ዓመትዎ ነበር? የትኛው ቁምስና፣ ማለትም የትኛው አጥቢያ? ቅዳሴ ላይ ያገለግሉ ነበር? ሰውየው አጭር አጭር መልስ ይሰጣል። ሁሉም ደህና እየሄደ ነበር። ድንገት ልጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠና «ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አሉ?» አለ።

ክፋት አልነበረውም። አዝኖለት ነው የጠየቀው። በዚያኛው ጫፍ ትንሽ ትንፋሽ ተሰማ፣ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

አለቃችን የአየርላንድ ዘር ያላት አሜሪካዊት ናት፤ ስልሳን አልፋለች። ራሷ ካቶሊክ ነች፣ እሑድ ቅዳሴ አይቀርባትም። ልጁን አልተቆጣችውም። ባዶ ፎርም አወጣችና ሁለት መስመር አሰመረችበት። አንዱ «ከዚህ በፊት ለማን ተናግረዋል?» ይላል። ሌላው «የነገሩት ሰው ምን አደረገ?» ይላል።

«ለምን ዝም አሉ የሚል እዚህ ላይ አለ?» አለችው።

«የለም።»

«ረስተነው አይደለም።»

መልሰን እንደውልለት አልን፤ ይህም የራሱ ጣጣ አለው። ቁጥሩ አለን። ግን መልእክት መተው አይቻልም፣ ሚስቱ ብትሰማውስ? ከሚደውሉልን ውስጥ ለሚስታቸው፣ ለልጆቻቸው ትንፍሽ ያላሉ ብዙ ናቸው። ደብዳቤ ስንልክ እንኳ ፖስታው ላይ የቢሮው ስም አይጻፍም። አለቃችን ራሷ ደወለች። አልተነሳም። ምንም ሳትናገር ዘጋችው። ከዚያ መጠበቅ ብቻ ሆነ።

ልጁ ያን ሰሞን ምሳ ላይ ክርክር ተወ። የዐቃቤ ሕጉን ሪፖርት ስልኩ ላይ ጭኖ ያነብ ጀመር። አልፎ አልፎ ቀና ብሎ «እትዬ፣ እናትየው እኮ ለጳጳሱ ነግራለች!» ይለኛል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ይኸው አዛወሩት!» ይላል። ሪፖርቱ ያው ነው፣ ተነገራቸው፣ አዛወሩት፣ እንደገና ተነገራቸው። በ2018 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ስድስት ሀገረ ስብከቶችን የመረመረው ግራንድ ጁሪም (ከዜጎች የተውጣጣ መርማሪ ቡድን ነው) 301 ካህናትንና ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ሕፃናትን ቆጥሮ ያገኘው ይህንኑ ነው። ካህኑ ከቁምስናው ሲነሣ ለምእመናን «ታሞ ፈቃድ ወጥቷል» ይባላል። እውነቱ ቁልፍ ባለው መዝገብ ውስጥ ይቀመጣል።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ግማሹ ሐበሻ የሚኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ በዋሽንግተን ሀገረ ስብከት ሥር ነው። ከ2001 እስከ 2006 የዚያ ሊቀ ጳጳስ ቴዎዶር ማካሪክ ነበሩ። የኒው ዮርኩ ካርዲናል ኦኮነር በ1999 ስለ ሰውየው አስጠንቅቀው ወደ ሮም ጽፈዋል። ሰውየው በማግስቱ ዓመት ተሾሙ። ሕፃናትንም አዋቂዎችንም አጥቅተዋል ተብሎ ክህነታቸው የተገፈፈው በ2019 ነው። እስቲ እዚህ ላይ «ሚስት ቢኖራቸው» የሚለው ምን ይጨምራል? ደብዳቤው ደርሷል። ተነቧልም።

ሜይ ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ስልክ አነሳሁ።

«ያ ልጅ አለ?» አለ አንድ የሽማግሌ ድምፅ። ገባኝ። ሌላ ሰው ላገናኝዎት ብለው «አይ፣ የጠየቀኝ እሱ ነው፣ የምመልሰውም ለእሱ ነው» አለ። ለልጁ ሰጠሁት። ፊቱ ጭው አለ። ከዚያ በኋላ ከልጁ አፍ የሰማሁት «እሺ» እና «እየሰማሁ ነው» የሚሉትን ብቻ ነው።

ፎርሙን በኋላ አየሁት። «ለማን ተናግረዋል» ለሚለው ያለው ቦታ አንድ መስመር ነው። የልጁ ጽሑፍ መስመሩን ሞልቶ ወደ ጎን ወጥቷል፣ ከዚያ ወረቀቱን ዙሮ ወደ ላይ ሄዷል። ሰውየው በ11 ዓመቱ ለእናቱ ነግሯል። ካህኑ እሑድ እሑድ እነሱ ቤት ምሳ ይበላ ነበር፣ እናትየው ጥሩውን ሳህን የምታወጣው ለእሱ ነው። በጥፊ መታችውና አፉን በሳሙና አጠበችው። ቀጥሎ ለአስተማሪው፣ ለአንዲት መነኩሲት ነገረ። እረፍት ሰዓት ላይ ክፍል ውስጥ እንዲቀር ተደረገ። በመጨረሻ ኃጢአቱ የራሱ መስሎት ለሌላ ካህን ተናዘዘ። «አባታችን ሆይ»ን ደጋግሞ እንዲጸልይ ታዘዘለት። ከፎርሙ ግርጌ ልጁ የሰውየውን ቃል እንዳለ አስፍሮታል፦ «ዝም አላልኩም። ሦስት ሰው ነግሬያለሁ።»

አውስትራሊያ ውስጥ የካቶሊክ ጉዳዮች ሲቆጠሩ ከጥቃቱ እስከ ክሱ ድረስ ያለው ጊዜ በአማካይ 33 ዓመት ሆኖ ተገኝቷል። ቁጥሩን ሳውቀው ቆይቻለሁ። በዚያ ዓመት ሁሉ ውስጥ ስንት ሳሙና እንዳለ ግን ቁጥሩ አይናገርም።

የእናትየው ነገር ለእኛ ሰው እንግዳ አይመስለኝም። የንስሐ አባት ቤት ሲመጡ እናቶቻችን እንዴት እንደሚሆኑ እናውቃለን። ፍራሹ ይነጠፋል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ልጆች መስቀል እንዲሳለሙ ይጠራሉ። ደስ የሚል ነገር ነው፣ እኔም አድጌበታለሁ። በዚያች ሰዓት ግን አንድ ልጅ እናቱን ወደ ጓዳ ጠርቶ «እማዬ፣ አባ እንዲህ አደረጉኝ» ቢላት? አባ ሚስት ይኑራቸው አይኑራቸው፣ የልጁ ዕጣ ጥፊ ነው። «ዝም አይነቅዝም» እያልን ያደግን ሰዎች ነን።

ልጁ በሚቀጥለው ሳምንት ለቤተ ክርስቲያናችን ሰበካ ጉባኤ አንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፈ። የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት በ2002 ዳላስ ላይ ተሰብስበው ካወጡት ደንብ ወዲህ እነሱ ዘንድ ከልጆች ጋር የሚሠራ ሁሉ ያለፈ ታሪኩ ይጣራል። እኛ ጋ ሰንበት ትምህርት ቤት ለማስተማር ድምፅህ ማማሩ ይበቃል። ልጁ የጠየቀው ሁለት ነገር ነው። ሕፃናት የሚያስተምር ሁሉ አሻራ ሰጥቶ ይጣራ፣ ማንም ትልቅ ሰው ከሕፃን ጋር ብቻውን በር ዘግቶ አይቀመጥ። የራሱን የአሻራ ውጤት አባሪ አድርጎ አያያዘው። እኔም ፈረምኩበት።

ስብሰባው ላይ አንድ አባት፣ ደግ ሰው ናቸው፣ «ልጄ፣ ይኼ እኮ የካቶሊኮቹ ጣጣ ነው። የኛ ካህናት ባለትዳር ናቸው» አሉት። ልጁ «አባቴ፣ እኔ እኮ ወንደላጤ ነኝ። ማን አጣራኝ?» አላቸው። ጥቂት ሰው ሳቀ። ከዚያ የመኪና ማቆሚያው ጉዳይ ተነሣና ሰዓቱ ሄደ። ማመልከቻው ፍልሰታ ካለፈ በኋላ ይታያል ተብሏል።

እናቶቹ ግን ፍልሰታን አልጠበቁም። ተራ አወጡ። ባለፈው እሑድ ሁለቱ መዝሙር ክፍሉ ውስጥ ወንበር ይዘው ቁጭ ብለው አየሁ።